ሳይጎድል የሚመለሰው ማንቆርቆሪያ

2016 ዓ.ም. ታኅሣሥ ነበር። ወልድያ ላይ በጋው ብርዱን ይዞ የሚገባበት ወር ነው። ዙሪያችን ተራራ ስለሆነ ፀሐይ ጠዋት ዘግይታ ትደርሳለች፣ ከሰዓት በኋላ ቀድማ ትሄዳለች። የእኛ ቤት ደግሞ ጥግ ላይ ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ፀሐይ አያየውም።

ቤቱ የኪራይ ነው። ሁለት ክፍል አለው፤ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒስ የለውም። ተኝተን የተነፈስነው ትንፋሽ ቆርቆሮው ላይ ተጠራቅሞ ጎህ ሲቀድ ይንጠባጠባል። ልጄ «እማ፣ ቤት ውስጥ ዘነበ» ትለኝ ነበር። ከአልጋዋ በላይ ያለው ግድግዳ ሻግቶ ጠቁሯል። በበረኪና አጥበዋለሁ፤ ሳምንት ሳይሞላው ተመልሶ ይጠቁራል።

በቤቱ ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጄና የባለቤቴ አባት። እኔ አንደኛ ደረጃ አስተምራለሁ። ባለቤቴ ሹፌር ነው፣ ሥራው ሰመራ ነው። መንገድ ሲከፈት ይመጣል፣ ሲዘጋ ይደውላል። የልጄ ደረት ደካማ ነው። ብርድ ሲሆን ያፍናታል፣ ስትተነፍስ ያፏጫል። የሚነፋ መድኃኒት አላት።

የባለቤቴን አባት አባባ ነበር የምላቸው። የመርሳ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን በመስኖ ሽንኩርትና ፓፓያ ሲያለሙ ኖረዋል፤ ብዙ ዓመትም የውኃ አባት ነበሩ። የውኃ አባት ከወንዝ የተጠለፈውን ውኃ ለገበሬው በተራ የሚያካፍል ሽማግሌ ነው። ማን መቼ እንደሚያጠጣ እሱ ይወስናል። ታዲያ አንድ ደንብ አለበት፤ የራሱን ማሳ የሚያጠጣው ሁሉም ካጠጡ በኋላ ነው። አስቀድሞ ካጠጣ ማንም አያምነውም። አባባ ይህን ደጋግመው አጫውተውኛል። እኔ እንደ ጨዋታ ሰምቼ አልፌዋለሁ።

ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ ሳላቸው በረታ። ባለቤቴ ሐኪም ቤት ይቀርባቸዋል ብሎ በመስከረም ወደ እኛ አመጣቸው። መርሳ ሞቃት አገር ነው፤ አንድ ጋቢ ይበቃል። ወልድያ ግን ሦስት ብርድ ልብስ ደርበንላቸውም ይንቀጠቀጡ ነበር። ኅዳር ሲገባ የጣቶቻቸው ጫፍ መጥቆር ጀመረ።

በዚያው ኅዳር የሰፈራችን መብራት ጠፋ፤ ሳምንት አልፎ ወር ሆነ። ከሰሉ የሚመጣልን ከሐራ ወዲያ፣ ከቆላው ነው። በግጭቱ የተነሳ መንገዱ በተዘጋ ቁጥር ከሰልም ይጠፋል፤ ሲከፈት የሚመጣው ለሁሉ አይዳረስም። የማገዶ እንጨት የሚያመጡት ሴቶችም መምጣት ፈሩ። ብዙ ሰው ያገኘውን አነደደ። እኔ ከአናጢው ሰጋቱራ እየለመንኩ አነደድኩ፣ የተማሪዎቼን አሮጌ ደብተር አነደድኩ፣ ከአልጋዬ ርብራብ ግማሹን አወጣሁ። አንድ ቀን ልጄ የፕላስቲክ ጫማ ቁራጭ እሳቱ ላይ ጨምራ ጭሱ እስከ ማታ አሳላት። ከዚያ ወዲህ ምድጃውን ከቤት ውጭ አደረግሁት። ቤቱ ያን ጊዜ ፍጹም ቀዘቀዘ።

ጎረቤቶቻችን ሁሉ እንደዚያው ነበሩ። ጎህ ሲቀድ ሳሉ ከአንዱ ቤት ይጀምርና በግድግዳው በግድግዳው ይዞራል። ሳሉን ሰምቼ ማን እንደነቃ አውቅ ነበር።

አባባን ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ወረፋው ላይ የነበሩት ሽማግሌዎችና ሕፃናት ናቸው፤ ሁሉም ደረታቸውን ይዘዋል። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። አዳምጧቸው ሲያበቃ፣

«አባት፣ ብርድ አይስማማዎትም» አላቸው። «ሙቅ ቦታ ይሁኑ። ቀዝቃዛ ውኃ አይንኩ።»

«የት ነው ሙቅ ቦታ?» አሉት አባባ። «ንገረኝና ልሂድ።»

ሐኪሙ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ተወው። መድኃኒቱን ጻፈልን። ሙቀቱን ከየት እንደምናገኝ የሚጻፍ አልነበረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የማሞቀው ለእሳቸው ሆነ። የሚደርሰኝ ከሰል በቀን ለአንድ እሳት ብቻ ነበር የሚበቃው። ያንን እሳት ለሁለት ከፈልኩት፤ ጠዋት ለአባባ ከሶላት በፊት ለሚታጠቡበት ለዉዱእ ውኃ፣ ከሰዓት በኋላ ለሽሮ። ምሳ የቀዘቀዘ እንበላለን። የንጋቱ ሱብሒ ሶላት ሳይደርስ ተነስቼ አንድ ማንቆርቆሪያ ውኃ አሞቃለሁ፣ እጀታውን በጨርቅ ጠቅልዬ በራቸው ላይ አስቀምጣለሁ። እኔ በቀዝቃዛው ዉዱእ አደርጋለሁ፤ አላህ ጤና ሰጥቶኛል። እሳቸው ሰግደው ሲጨርሱ ማንቆርቆሪያውን ወደ እኔ ይመልሳሉ።

ሲመለስ አይጎድልም ነበር። እስከ አንገቱ እንደሞላሁት፣ ገና ሙቀቱ ሳይለቀው ይመለሳል። በመጀመሪያው ቀን ገረመኝ። በሁለተኛው ቀን የውኃ አባት የነበሩ ሰው ናቸው፣ ውኃ ማባከን አያውቁም አልኩ። በጥቂት ውኃ ዉዱእ ማድረግ የነቢዩ፣ ሰላም በእሳቸው ላይ ይሁንና፣ ሱና ነው። ሳምንት ሲሆነው ግን ሌላ ነገር አሰብኩ። በረካ ነው አልኩ። አላህ ቤቴን አይቶ በዚህች በአንድ ማንቆርቆሪያ ውስጥ በረካ አኖረልኝ ብዬ አመሰገንኩ።

በተረፈው ልጄ ፊቷን ትታጠባለች፤ የቀረውን በብርጭቆ አድርጌ ማር ጠብ አድርጌ አጠጣታለሁ። ደረቷ ይላቀቃል፣ ፉጨቱ ይቀንሳል፣ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። በዚያ ታኅሣሥ ከክፍሏ ግማሹ ልጅ ታሞ ሲቀር እሷ ሁለት ቀን ብቻ ነው የቀረችው። አልሐምዱሊላህ እል ነበር።

ነገሩን ለጎረቤቴ ነገርኳት። ጎረቤቴ ክርስቲያን ናት፣ ባሏ የሞተባት፣ በዕድሜ እናቴ የምትሆን። እትዬ ነው የምላት። ግድግዳችን አንድ ነው። ጠዋት እሳት እሷ ዘንድ ካደረ እኔ እጭራለሁ፣ እኔ ዘንድ ካደረ እሷ ትጭራለች። ፍሙን ማታ አመድ ውስጥ የሚዳፍን ሰው ጠዋት ክብሪትና ጭራሮ ይተርፈዋል። ስለዚህ በተራ እንዳፍን ነበር።

«ውኃው አይጎድልም ነው የምትይኝ?» አለችኝ።

«አይጎድልም፣ እትዬ።»

«እኔስ ድስቴ ምን በድሎ ነው? ነቢያትን እየጾምኩለት አንድ ቀን ሽሮ ጨምሮልኝ አያውቅም።»

አባባ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ሲጠብቁ ሰምተውን ነበር መሰል፣ «ድስትሽ ሲፈራሽ ነው» አሏት።

«አንቱ የቆላ ሰው፣ ብርዱ እንዴት ያደርግዎታል?»

«ብርዱስ ደህና ነው። የሚያስለኝ የናንተ ወሬ ነው።»

ሳቁ፤ ሳቁ ሳል ሆነባቸው። ሳሉ ረዘመ። እትዬ ሳቋን አቁማ እኔን አየችኝ። እኔ ማንቆርቆሪያውን ይዤ ገባሁ።

ሳላቸው ለምን እንደማይሻል ይገርመኝ ነበር። መድኃኒቱን በሰዓቱ ይውጣሉ፣ ውኃቸው ይሞቃል፣ ብርድ ልብሱን ሁሉ ለእሳቸው አድርጌዋለሁ። ከንፈራቸው ግን እየጠቆረ ሄደ። ጠዋት እጃቸውን ስስም በረዶ ነበር። «ሲሸመግሉ ደም ይቀንሳል» አሉኝ። አመንኳቸው።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ከሰሉ አለቀ። ማታ የዳፈንኩት አመድ ሆኖ አድሯል። እትዬ ዘንድ ሄድኩ፤ እሷም ምድጃዋን በእንጨት እየቆሰቆሰች ነበር።

«የእኔም ሞቷል» አለች። «ዛሬ ሁላችንም የቀዘቀዘ ነው።»

ተመልሼ ማንቆርቆሪያውን ከበርሜሉ ሞላሁት። ለአባባ በቃል እነግራቸዋለሁ፣ ፊታቸውን ብቻ በእርጥብ ጨርቅ እንዲያብሱ እለምናቸዋለሁ ብዬ፣ እጄ እንደለመደው እጀታውን በጨርቅ ጠቅልዬ በራቸው ላይ አስቀመጥኩ። ላንኳኳ ስል ልጄ ጠራችኝ። ደረቷ አፍኗት አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። መድኃኒቷን ነፋሁላት፣ ጀርባዋን ይዤ ተቀመጥኩ። ትንፋሿ እስኪመለስ ቆየሁ። አባባን ረሳኋቸው።

ስወጣ ሰግደው ጨርሰዋል። ማንቆርቆሪያውን በጨርቅ በተጠቀለለው እጀታ ይዘው ወደ እኔ መጡ።

«አላህ ይስጥሽ፣ ልጄ» አሉ። «ዛሬማ ለብ ብሎ ደረቴን ከፈተልኝ።»

ተቀበልኳቸው። ብረቱን በሌላው እጄ ደገፍኩት። እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። እስከ አንገቱ ሙሉ ነው።

 

«አባባ፣ ዛሬ ከሰል አልነበረም።»

ማንቆርቆሪያውን ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው።

«ውኃው ከበርሜሉ ነው። እሳት አላየም።»

ማንቆርቆሪያውን አዩት፣ ከዚያ እኔን። እንደተያዘ ልጅ ፈገግ አሉ።

«እንዲያ ከሆነማ ውሸታም ሆኜ ተገኘሁ» አሉ። «አላህ ይማረኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«መቼም አልነካሁትም።»

በራቸው ጥግ ሁል ጊዜ የሚያስቀምጧትን የፕላስቲክ ጠርሙስ አየሁ። የሚጠጡት ይመስለኝ ነበር። ማታ ሞልተው ያሳድሯታል፤ ጠዋት በእሷ ዉዱእ ያደርጋሉ። እጃቸውን እስከ ክርናቸው፣ እግራቸውን እስከ ቁርጭምጭሚታቸው፣ ራሳቸውን፣ ጆሯቸውን፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲቀዘቅዝ ባደረ ውኃ።

«ለአንቱ ነበር እኮ የማሞቀው» አልኩ።

«አውቃለሁ። ልጅቷ በግድግዳው ትሰማኛለች፣ እኔም እሰማታለሁ። ያን ሙቅ ውኃ ስትጠጣ ፉጨቱ ይተዋታል። እኔ ከታጠብኩበት ምን ይተርፋታል?»

«ሐኪሙ ምን እንዳለዎት አልሰሙም?»

«ሰምቻለሁ። የውኃ አባት ተራው መጨረሻ ነው። ይህን ስንቴ ነግሬሻለሁ?»

«ይህ የሽንኩርት ማሳ አይደለም፣ አባባ።»

«አይደለም» አሉ። «ሽንኩርት ቢሆን አንድ ተራ ቢያልፈውም ይችላል። ልጅ ግን አይችልም።»

 

ያን ቀን ትምህርት ቤት አርፍጄ ሄድኩ። መጀመሪያ መስጊድ ሄጄ ሼኹን ጠየቅኋቸው። «ውኃ የሚጎዳቸው ከሆነ ተየሙም ያድርጉ፣ ንጹሕ አፈር ይበቃቸዋል፤ ይህ የአላህ ስጦታ ነው በያቸው» አሉኝ። ቤት ተመልሼ ነገርኳቸው። አባባ አሰቡና፣

«አፈርማ ብዙ አለን» አሉ።

ከቀትር በኋላ ካለው ከዐስር ሶላት ጀምሮ በአፈር ሰገዱ። ግን ዘግይቶ ነበር። ዓርብ ትኩሳት ያዛቸው። ጁምዓ ለመሄድ ተነስተው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ፣ መነሳት አቃታቸው። ቅዳሜ በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድኳቸው። ሐኪሟ አዳምጣ ሁለቱም ሳንባቸው እንደታመመ ነገረችኝ። ሳንባ ምች ነው አለች። ኦክስጅን አደረገችላቸው። ክፍሉም ብርድ ስለነበር ብርድ ልብሱን ከቤት አመላልሼ አመጣሁ። እንደእኛ ያሉ ብዙ ነበሩ። በስተቀኝ ያሉት ሽማግሌ ከግራና ከተማ የመጡ ናቸው፤ በስተግራ ያለችው ሕፃን ከሰፈራችን በታች ካለው ቀበሌ ናት። እናቷ ሕፃኗን ጡቷ ላይ አስተኝታ በነጠላዋ ሸፍናታለች።

ልጄን እትዬ ዘንድ ትቻት ነበር። አባባ ዓይናቸውን በገለጡ ቁጥር የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው።

«ልጅቷ ደህና አደረች?»

«ደህና አድራለች።»

«አልሐምዱሊላህ።»

ሰኞ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ሞቱ። እጃቸውን ይዤ ነበር። የእምነት ምስክሩን፣ ሸሃዳውን፣ በጆሯቸው አልኩላቸው፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን፤ የአላህ ነን፣ ወደ እሱም ተመላሾች ነን።

ባለቤቴ መንገድ ላይ ነበር፤ መንገዱ ተዘግቶ ሚሌ ላይ ቀረ። የእኛ ቀብር አይቆይም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት በፊት አስከሬናቸው ቤት ገባ። ከመስጊድ አጣቢዎቹ መጡ። አንደኛው ሰው ወደ እኔ ወጥቶ በለሆሳስ፣

«እህቴ፣ ውኃ እንፈልጋለን» አለኝ። «ለብ ቢል ጥሩ ነው።»

የሚነድ ምንም አልነበረኝም። ይህን ለማለት አፌን ስከፍት እትዬ የሰማች መሰለኝ። በግቢው አልፋ ሄደች። ተመልሳ ስትመጣ ነጠላዋን ታጥቃ የራሷን ዱካ ይዛለች፣ በመጥረቢያ ተሰንጥቋል። ሁል ጊዜ የምትቀመጥበት ዱካ ነው። ከኋላዋ ሌላዋ ጎረቤት ግማሽ ማዳበሪያ ከሰል ይዛ መጣች። የማላውቃቸው ሰዎች ጭምር መጡ። አንዱ የአጥሩን እንጨት፣ አንዷ ኩበት፣ አንዱ ከመኪና የወረደ ሳንቃ። ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይኬድም፤ በዚያ ወር ሰው ይዞ የሚሄደው ማገዶ ነበር። ሁሉም ለክፉ ቀን ብሎ ከጓዳው የደበቀው ነበረ። ወር ሙሉ አንዲት ፍም ስንዋዋስ የከረምን ሰዎች ግቢ ውስጥ እሳት እንደ ደመራ ነደደ። ቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞቀ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድም ከቆርቆሮው ጠብታ አልወረደም።

ይህን ሳይ ምን እንደተሰማኝ መጻፍ አልችልም። ሰዎቹን አልወቀስኩም። ያስቀመጡት ለክፉ ቀን እንጂ ከእኔ ሊደብቁ አልነበረም፤ ቢኖረኝ እኔም እንደእነሱ አደርግ ነበር። ሕመም አያስጠራም፣ ሞት ነው የሚያስጠራው። እሳቸው በሕይወት ሳሉ ማገዶ ስጡኝ ብዬ በር አላንኳኳሁም። አፍሬ ነበር።

ትልቁ ድስት ፈላ። በቀዝቃዛ አበረድኩት። ልጄ ሕፃን ሳለች እንደማደርገው ክርኔን ነክሬ ለካሁት። ለብ ሲል አጣቢዎቹ ወሰዱት። ሌላ ጠየቁ፣ ሰጠኋቸው። ደግመው ጠየቁ። በዚያን ቀን ወደ እኔ የተመለሰ ውኃ የለም።

ከዐስር ሶላት በፊት ቀበርናቸው። ልጄ አላለቀሰችም፤ ስትተነፍስ ግን ያፏጭ ነበር። ምድጃውን ከደጃፉ አስጠግቼ ሙቅ ውኃ አጠጣኋት። በብርጭቆው ውስጥ ለረጅም ጊዜ አየች።

«ይሄ የአባባ ነው?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት። «ጠጪው።»

አላህን በማመስገኔ አልጸጸትም። የልጄን ደረት በዚያ ታኅሣሥ ያቆየልኝ እሱ ነው። በረካ ብዬ የተቀበልኩት በማን እጅ እንደመጣ አለማየቴ ነው የሚቆጨኝ። ማንቆርቆሪያው ሳይጎድል ሲመለስልኝ አንድ ቀን እንኳ ስስመው በረዶ የነበረውን እጃቸውን ከውኃው ሙቀት ጋር ባመዛዝን ኖሮ ውኃው እንዳልነካቸው አውቅ ነበር።

በማግስቱ ሱብሒ ሳይደርስ ነቃሁ። የዳፈንኩት ፍም አልሞተም፤ ከለቅሶው የተረፈ እንጨትም ነበር። ማንቆርቆሪያውን ሞልቼ አሞቅሁ፣ እጀታውን በጨርቁ ጠቀለልኩ። እግሬ ወደ አባባ በር ሁለት እርምጃ ሄደ። ከዚያ ዞርኩና እትዬ ዘንድ ሄድኩ። ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ነጠላዋን እየፈለገች ነበር።

«ምነው በሌሊቱ?» አለችኝ። «ምን ሆንሽ?»

«ውኃ ነው። ፊትዎን ይታጠቡበት።»

«አስቀምጪው፣ እታጠባለሁ።»

«አሁን ይታጠቡ።»

«ኧረ ልጅ፣ እኔ ፊቴን የማልታጠብ ሕፃን ነኝ?»

 ሳፋውን አቀረብኩላት። አየችኝ፤ ሌላ ቀልድ ልትናገር ነበር፣ ተወችው። እጇን ዘረጋች፣ አፈሰስኩላት። እስክትጨርስ ድረስ ቆምኩ፤ ማንቆርቆሪያውን ባዶውን ይዤ ተመለስኩ።